መጀመሪያ ዜናውን

ከባቲ ወደ አሰብ በሚወርደው የድሮ የስደተኞች መንገድ ላይ፣ በረሃ መሃል ካለ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ፣ ረፋዱ ላይ፤ ከደጋ የወረደው ይመር፣ በልጅነቷ እዚሁ ጉድጓድ ዳር ተማርካ የቀረችውን እህቱን ጀማነሽን አግኝቷታል፤ እሷ ፍየሎቿን አጠጥታ ግራር ሥር ተቀምጣለች፣ እሱ ቆሟል።

ይመር፦ ተነሽ ስልሽ አትሰሚም? በቅሎዋ ተጭናለች፣ ውሃም ጠጥታለች። ፀሐይዋ ሳትበረታ ያንን ገደል ካላለፍን መንገድ ላይ ተጠብሰን መቅረታችን ነው።

ጀማነሽ፦ ተቀመጥ።

ይመር፦ ጀሚ፣ እዚህ ድረስ የመጣሁት ልቀመጥ አይደለም።

ጀማነሽ፦ አውቃለሁ። ከድሮም መቀመጥ አይሆንልህም፤ እምዬ ‹‹ይሄ ልጅ ቂጡ ላይ እሾህ አለበት›› ትልህ ነበር። ቢሆንም ተቀመጥ። እዚህ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ዜናውን ይሰጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። ዳጉ ይሉታል።

ይመር፦ እህቴን አቅፌ አልቅሼ ሳልጠግብ እንደ ነጋዴ ከየት መጣህ ትይኛለሽ?

ጀማነሽ፦ አለቀስን እኮ። አሁን ዜናው።

ይመር፦ እኔ ላንች ባዳ ነኝ?

ጀማነሽ፦ ለባዳም ለዘመድም አንድ ነው። ዜናውን ሳይሰጥ ተነስቶ የሚሄድ ሰው እዚህ ወይ ሌባ ነው ወይ ጠላት። አንተ የትኛው ነህ?

ይመር፦ አማርኛሽ ደግሞ ምላጭ ሆኖ የለም እንዴ? እኔ እኮ ጠፍቶባታል ብዬ፣ እንደ ሕፃን ቀስ እያልኩ ላናግርሽ ነበር ያሰብኩ።

ጀማነሽ፦ ባቲ ገበያ ቅቤ እሸጣለሁ። አማርኛ የማይችል ሰው ባቲ ላይ ቅቤውን በነጻ ሰጥቶ ነው የሚመለስ።

ይመር፦ ባቲ ድረስ እየወጣሽ? ባቲ እኮ ማለት ለኛ ቤት ደጃፍ ነው! አንድ ሰው ልከሽ እንኳ አለሁ አትይም ነበር?

ጀማነሽ፦ ልጅ ሳለሁ ገበያ አያወጡኝም፣ እንዳልጠፋ ይጠብቁኛል። ጠባቂው ሲቀር ደግሞ አገባሁ፣ ወለድኩ። ልጁን ጥዬ ልምጣ? ልጁ ሲሞትብኝ ደግሞ ፈራሁ።

ይመር፦ ምን ፈራሽ?

ጀማነሽ፦ እናንተን። ባቲ ላይ የመንደራችንን ሰዎች በሩቁ አያለሁ። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብ አደርግና ቅቤዬን እሸጣለሁ። ‹‹ያቻት፣ ከነሱ ጋር በልታ ጠጥታ፣ ወልዳ›› ሲሉኝ ይሰማኛል፤ ሳይሉኝ። አሁን ተቀመጥ አልኩህ።

ይመር፦ እሺ፣ ይኸው ተቀመጥኩ። ጠመንጃዬን ግን አልለቅም።

ጀማነሽ፦ ያዘው፣ ማንም አልጠየቀህም። መንገድ ላይ ማንን አገኘህ?

ይመር፦ ማንን አገኛለሁ? ድንጋይ። ትናንት አንድ ሰውዬ ነበር፣ ጎፈሬያም፣ ፍየል የሚነዳ። እሱም እንዳንች ቁጭ በል ብሎ አስቀመጠኝና ጥያቄ በጥያቄ አደረገኝ።

ጀማነሽ፦ ምን አልከው?

ይመር፦ ግመል ልገዛ ነው የመጣሁ አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? እህቴን ይዤ ልጠፋ ነው ልበለው?

ጀማነሽ፦ ዜናህ ካንተ ቀድሞ ትናንት ማታ ደርሷል። ‹‹አንድ ደገኛ ወደ ጉድጓዱ እየመጣ ነው። ግመል ገዥ ነኝ ይላል፤ ግመሎች ባጠገቡ ሲያልፉ ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። ጠመንጃ ይዟል። በቅሎው ኮርቻ ተጭናለች፣ እሱ ግን በእግሩ ነው የሚሄድ›› ብሎ ሰጥቷል።

ይመር፦ ያ ፍየል ነጂ? አማርኛ እንኳ በቅጡ አይችልም እኮ።

ጀማነሽ፦ ዓይን አለው።

ይመር፦ ይኑረው። ታዲያ ምን መጣ?

ጀማነሽ፦ እዚያ ጉብታ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ምን ይመስሉሃል?

ይመር፦ ፍየል ጠባቂዎች ናቸዋ።

ጀማነሽ፦ ፍየሎቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ይመር።

ይመር፦ ያ ረቢ።

ጀማነሽ፦ አትዙር። ጠመንጃውንም አትነካካ። ወደ እኔ እያየህ፣ እንደ ወንድምና እህት አውራኝ። ሊገድሉህ ቢፈልጉ ገና ገደሉ ላይ ሳለህ ያበቃልህ ነበር። የያዛቸው ሁመድ ነው። ‹‹ግመል ገዥ አይደለም፣ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ከሆነ መጀመሪያ ዜናውን ለሷ ይስጥ›› አላቸው። ስንጨርስ እኔን ይጠይቀኛል። እኔ የነገርኩትን ይዘው ይፈርዳሉ።

ይመር፦ ሁመድ። ስሙን ስትጠሪው ደግሞ እንደ አጎት ነው።

ጀማነሽ፦ ያሳደገኝ ሰው ነው።

ይመር፦ አባባን የገደለው ሰው ነው!

ጀማነሽ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሁመድ አይደለም የገደለው።

ይመር፦ እሱ ነው፣ የሱ ሰዎች ናቸው፣ ምን ልዩነት አለው? ገና ሲነጋጋ ነው የወረዱብን። ምን በደልናቸው? አንበጣ ማሳችንን ልጦብን፣ አሰብ መርከብ የማራገፍ ሥራ አለ ሲባል ሰምተን፣ ቂጣችንን አህያ ላይ ጭነን የምንሄድ ስደተኞች ነበርን። የያዝነው ምን ነበር? ምን ይዘርፉናል? ውሃ ነው የጠጣነው፣ ውሃ!

ጀማነሽ፦ የማንን?

ይመር፦ የአላህን ነዋ።

ጀማነሽ፦ የአላህ ነው፤ በጥፍራቸው የቆፈሩት ግን እነሱ ናቸው። ያን ዓመት እዚህም ዝናብ አልጣለም። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረችው ውሃ ለልጆቻቸው እንኳ የምትበቃ አልነበረችም፤ እኛ ደግሞ ከነአህዮቻችን ሰፈርንባት። አንተ አህዮቹን ይዘህ ወዲያ ማዶ ነበርክ። እኔ ገመዱ አጠገብ፣ ከአባባ ኋላ ቆሜያለሁ። አንዲት ልጅ መጣች፣ የኔ እኩያ። ቅሏን አስቀመጠችና ገመዱን ያዘች። አባባ ልቀቂ አላት። አልለቀቀችም። የሚለውም የገባት አልመሰለኝም።

ይመር፦ እሽ፣ ከዚያስ?

ጀማነሽ፦ አባባ ተኮሰ።

ይመር፦ ውሸት ነው።

ጀማነሽ፦ ሊያስፈራራት ይሁን፣ እጁ ይንሸራተት፣ እሱን አላውቅም። ጥሙ ናላውን አዙሮት ነበር። ጥይቱ ግን ልጅቷን አገኛት። ዓይኔ ያየውን ነው የምነግርህ።

ይመር፦ አባባ? ዶሮ ሲያርድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው?

ጀማነሽ፦ ያን ቀንም ፊቱን አዞረ። ከተኮሰ በኋላ።

ይመር፦ እነሱ ናቸው እንዲህ ብለው ያሳደጉሽ። ልጅ ነበርሽ፣ የነገሩሽን ይዘሽ ነው።

ጀማነሽ፦ ማንም ምንም አልነገረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚህ ማንም ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነው የወረዱብን፤ አንተ የምታውቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። አባባን የገደሉት የልጅቷ አጎቶች ናቸው። ሁመድ ያን ሰዓት እጁ ባዶ አልነበረም። ልጁን ታቅፎ ነበር።

ይመር፦ የሱ ልጅ ነበረች?

ጀማነሽ፦ ሞሚና ነበር ስሟ።

ይመር፦ ሞሚና ... ቅድም እዚህ ስደርስ አንድ ሽማግሌ አንችን ሞሚና ብሎ ነው የጠራሽ።

ጀማነሽ፦ አዎ።

ይመር፦ በሷ ምትክ ነው የወሰዱሽ?

ጀማነሽ፦ በሷ ምትክ።

ይመር፦ ታዲያ ይሄን ቁጭ ብለሽ እንደ ተራ ነገር ታወሪልኛለሽ? ዕቃ ነሽ? የጠፋ ማሰሮ ነው በሌላ ማሰሮ የሚተካ?

ጀማነሽ፦ መጀመሪያ ዕቃ ነበርኩ። እጄን በጠፍር አስረው ከግመል ኋላ አስከተሉኝ። ይሄ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው፤ ወድቄ ድንጋይ ፈነከተኝ፣ ያነሳኝ የለም። ግመሉ እየጎተተኝ ራሴ ተነሳሁ። የሁመድ ሚስት ዝናብ እስኪመጣ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም። ወተቱን መሬት ላይ ታስቀምጥልኝና ፊቷን ታዞራለች። ሲጨልም ታለቅሳለች፤ እኔም በዚያኛው ጥግ አለቅሳለሁ። እሷ እኔን ትሰማለች፣ እኔ እሷን እሰማለሁ፣ አይዞሽ የሚል ግን ከሁለታችንም አልወጣም። እጠላት ነበር፣ ይመር። ብትሞት ደስ ይለኝ ነበር።

ይመር፦ ኋላስ?

ጀማነሽ፦ ኋላ ንዳድ ያዘኝ። ልሞት ነው ብዬ ተኝቼ ሳለ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ሞሚና ብላ ጠራችኝ። አቤት አልኳት።

ይመር፦ አቤት አልሻት።

ጀማነሽ፦ ልጅ ነበርኩ። በምንም ስም ቢጠሩኝ አቤት እል ነበር።

ይመር፦ እኔ እኮ ... ጀሚ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም። ስመጣ አንች እጄ ላይ ተንጠልጥለሽ ከዚህ አውጣኝ የምትይ ነበር የመሰለኝ።

ጀማነሽ፦ ብዙ ዓመት ብያለሁ። ያኔ ብትመጣ ኖሮ ካንተ በፊት በቅሎዋ ላይ ነበርኩ።

ይመር፦ የት እንዳለሽ መች አወቅሁ? ሞታለች ተብሏል። ከዚያ ስደት የተረፍነው ጥቂቶች ነን፤ የተረፈውም የሚያወራው ሌላ ሌላ ነው። አንዱ ጅብ በላት ይላል፣ አንዱ ባሕር አሻግረው ሸጧት ይላል።

ጀማነሽ፦ አልወቀስኩህም። አሁን የቤቱን ዜና ስጠኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ።

ይመር፦ ቤቱ አለ። ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ፤ ዝናብ ሲመታው ግን ወሬ አያሰማም፣ እምዬ ስትረግመኝ ነው የ... ዋንዛዋ ተቆርጣለች፣ ያች የምንወጣባት። መብረቅ መታት። ማሳውን ግማሹን ጎርፍ ወስዶታል፣ የቀረው ግን ማሽላ ያበቅላል። አግብቻለሁ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ ጀማነሽ ትባላለች።

ጀማነሽ፦ ሳልሞት ስሜን ሰጠህብኝ?

ይመር፦ እንዲጠራ ብዬ ነው እንጂ። ቤቱ ውስጥ ስምሽ ሲጠራ እንዲውል።

ጀማነሽ፦ እኔ የሰው ስም ይዤ፣ የኔን ደግሞ ያንተ ልጅ ይዛልኝ ... እሽ። መልኳ ማንን ነው የሚመስል?

ይመር፦ ምላሷ አንችን ነው።

ጀማነሽ፦ መቼም አፍ ከሌለን ምን አለን። እምዬስ?

ይመር፦ ደህና ናት።

ጀማነሽ፦ አየህ ወይስ ሰማህ?

ይመር፦ ምን ማለት ነው? አንድ ቤት ነው እኮ የምንኖር።

ጀማነሽ፦ ዳጉ ላይ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ፣ አታቀላቅለውም። እምዬን ደህና ሆና አየሃት?

ይመር፦ አየኋት። እርጅናው አለ እንጂ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አንችን አንችን እንዳለች ነው።

ጀማነሽ፦ ከቤት ስትወጣ ምን አለችህ?

ይመር፦ ሳትይዛት እንዳትመለስ አለችኝ።

ጀማነሽ፦ የት ሆና?

ይመር፦ ደጃፉ ላይ። ፀሐይ እየሞቀች።

ጀማነሽ፦ ምን ለብሳ?

ይመር፦ ወይ ጣጣ፣ ፖሊስ ሆነሽ ቆየሽኝ እንዴ?

ጀማነሽ፦ ምን ለብሳ፣ ይመር?

ይመር፦ ያንን ... ያን አረንጓዴ ሻሽ አስራ። ያኔ የነበራትን ዓይነት።

ጀማነሽ፦ አረንጓዴ ሻሽ አስራ።

ይመር፦ አዎ። አሁን ጨረስን? ዜናው ይኸው ነው። እንነሳ።

ጀማነሽ፦ ዲኒን ታውቀዋለህ? ጨው የሚያመላልሰውን።

ይመር፦ እንዴት አላውቀውም? ያለሽበትን የነገረኝ እሱ አይደል? ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ከናንተ ወገን የሆነች ሴት አለች ያለኝ እሱ ነው።

ጀማነሽ፦ የት ሆኖ ነገረህ?

ይመር፦ ቤት መጥቶ።

ጀማነሽ፦ ቤት ምን ሊሠራ መጣ?

ይመር፦ እንዴ፣ ጨው ሊሸጥ ነዋ። ጨው ነጋዴ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ጀማነሽ፦ ለቅሶ ሊደርስ ነው የመጣ። እምዬ በዱቤ ጨው ስትወስድበት ኖራ፣ ጨዋ ሴት ነበረች ብሎ ሊያስተዛዝን ነው የመጣ። ሲመለስ እዚሁ፣ አንተ በተቀመጥክበት ቦታ ተቀምጦ ለኔና ለሁመድ ዜናውን ሰጠን። ሲቀብሯት ዝናብ ነበር አለ። መቃብሩ ውሃ እየቋጠረ አስቸገረ፣ ልጇ በባዶ እግሩ ገብቶ ጭቃውን በእጁ ሲዝቅ አየሁ አለ። አየሁ ነው ያለኝ። ሰማሁ አላለም።

ይመር፦ አደራ ብዬው ነበር! እንዳትነግራት፣ እኔው ራሴ እወርዳለሁ ብዬ በአላህ አስምዬው ነበር።

ጀማነሽ፦ አደራ ያልከውንም ነግሮናል። ዳጉ ላይ አደራ የለም።

ይመር፦ እና ከመጀመሪያው እያወቅሽ ነው ይሄን ሁሉ የምታስወሪኝ?

ጀማነሽ፦ እያወቅሁ።

ይመር፦ ምን አድርጌሽ ነው? ምን ላድርግ ነበር የምትይኝ? መርዶ ሜዳ ላይ ይነገራል? አንድ ሰው በሌለበት፣ ከፍየል ጋር? ባቲ አጎታችን ቤት ሴቶቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁሻል። ታድሪያለሽ፣ ትበያለሽ፣ ሲነጋጋ ዘመድ ተሰብስቦ ቀስ አድርጎ ይነግርሻል። ስትወድቂ የሚደግፍሽ አለ፣ ውሃ የሚረጭብሽ አለ፣ አብሮሽ የሚጮህ አለ። ወጉ እንዲህ አይደለም ወይ? አያታችን የሞተ ጊዜ እምዬን ታሟል ብለው አይደል የወሰዷት?

ጀማነሽ፦ አስታውሳለሁ። ታሟል ብለው ወሰዷት። መድኃኒት ይሆነዋል ብላ ማር በቅል ይዛ ነበር የሄደች።

ይመር፦ አየሽ? ክፋት አይደለም። ላንች ብዬ ነው።

ጀማነሽ፦ ክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ‹‹ደህና ናት›› ስትል ዝም ብዬ ባልፍህ ይሻለኝ ነበር። አየሁ አልክ። እናቴን ከሞተች በኋላ ከጉድጓድ አውጥተህ ደጃፍ ላይ አስቀመጥክብኝ። ፀሐይ አሞቅክልኝ፣ ሻሽ አሰርክላት። እኔም እኮ ... ዲኒ ምናልባት ሌላ ሴትዮ አይቶ ይሆናል አልኩ፣ ይመር። አንድ አፍታ አመንኩህ። ሁለተኛ ነው የገደልክብኝ።

ይመር፦ በሞቴ እንዲህ አትበይኝ።

ጀማነሽ፦ የተሰማኝን ነው የምነግርህ። ዲኒ ነግሮኝ ሲሄድ አልቅሼ፣ ፀጉሬን በትኜ፣ ጨርሼ ነበር። አሁን እንደገና ሊጀምረኝ ነው።

ይመር፦ አጥፍቻለሁ፣ እሽ? ወላሂ ለማታለል አልነበረም። እየሞተች እንኳ ስምሽን ስትጠራ ነው ያደረች፤ ይሄ እውነት ነው፣ ይሄን አይቻለሁ። አሁን አለቀ፣ ሞታለች። እንግዲህ የምደብቅሽ ነገር የለም። ነይ እንሂድ።

ጀማነሽ፦ ለማን ልሂድ?

ይመር፦ እንዴት ለማን?

ጀማነሽ፦ እሷ በሕይወት ብትኖር በእግሬ እሮጥ ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል። አሁን እዚያ ያለኝ መቃብር ነው። መቃብር እዚህም አለኝ። ያ የድንጋይ ክምር ይታይሃል? ልጄ ነው፣ ባሌ ደግሞ ከጎኑ። የሁመድ ሚስት ዓይኗ ጠፍቷል፤ እኔ ነኝ እጇን ይዤ የማወጣት። እናንተ ጋ የምሄደው ምን ልሆን ነው? ማታ ማታ ልጆችህ የሚያዩኝ ጉድ?

ይመር፦ እህቴ ልትሆኝ ነዋ። ለኔ ነይልኝ። እኔስ ሰው አይደለሁም?

ጀማነሽ፦ አንተ ሚስት አለህ፣ ልጆች አሉህ። ባቲ ውረድ፣ ልጅቷን ይዘሃት ና፣ ስሜን የያዘችውን። ቅቤ እሰጣታለሁ፣ ፀጉሯን እሠራታለሁ። እንዲያ ይበቃናል። እዚህ ጠልቼ ጠልቼ የለመድኩት ነው፣ ይመር። ድጋሚ ሌላ ቦታ ለመልመድ አቅም የለኝም። አልሄድም።

ይመር፦ ጨርሰሻል ማለት ነው?

ጀማነሽ፦ ጨርሻለሁ። የቀረው ያንተ አወጣጥ ነው፣ እሱ ነው የጨነቀኝ።

ይመር፦ ምን ያስጨንቅሻል? ወንድሜ ነው፣ አይቶኝ ሊመለስ ነው በያቸው።

ጀማነሽ፦ ሁመድ የሚጠይቀኝ እሱን አይደለም። ወንድሜ መሆንህን ያውቃል። እምዬ መሞቷንም ያውቃል፣ ዲኒ ሲያወራ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። የሚጠይቀኝ መጀመሪያ ምን አለሽ ብሎ ነው።

ይመር፦ ታዲያ?

ጀማነሽ፦ ፍየል ነጂውን መዋሸትህን፣ ደገኛ ነው፣ ፈርቶ ነው ብለው አልፈውልሃል። የገዛ እናቱን ሞት ከእህቱ የደበቀ ሰው ግን ምን የማይደብቅ አለ ይላሉ። ጠመንጃ ይዞ፣ ሰላም ነኝ እያለ፣ የመጣው ለአባቱ ደም ነው ይላሉ። እንደዚያ ካሉ ደግሞ እስክትተኩስ አይጠብቁህም።

ይመር፦ ወጉን አስረጃቸዋ። መርዶ እንዲህ ነው፣ በኛ ዘንድ ነውር አይደለም በያቸው።

ጀማነሽ፦ እስኪ ለኔስ ሲገባኝ አየኸኝ? አንድ እናት የወለደችን ሆነን እንኳ አልገባኝም፣ አንተ ነህ ያስታወስከኝ። እነሱ ሞትን እንደሰሙ ነው የሚናገሩ፤ እናቱም ብትሆን፣ እሳት ዳርም ቢሆን፣ ሜዳም ቢሆን። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለደም ነው የመጣኸው?

ይመር፦ ላንች ነው የመጣሁ።

ጀማነሽ፦ ይመር።

ይመር፦ ላንች ነው። ግን ... ሰውዬውን ካገኘሁት አልምረውም ብዬ ነበር። መንገዱን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ነው የመጣሁ። ፊቱን እንኳ አላውቀውም፣ ስንት ዓይነት ፊት ሰጠሁት።

ጀማነሽ፦ አሁንስ?

ይመር፦ አሁን ልጁን ታቅፎ ነው የሚታየኝ። ምነው ባልነገርሽኝ። እንደመጣሁ ልመለስ በተሻለኝ ነበር።

ጀማነሽ፦ ይሄንንም ለነሱ ብነግራቸው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰሙት።

ይመር፦ ማነው የሚጣራ? ያ ነጭ ጢም ያለው ተነስቷል።

ጀማነሽ፦ እሱ ነው።

ይመር፦ ሁመድ እሱ ነው? እንዲህ ያረጀ?

ጀማነሽ፦ አትነሳ። ዜናው ምንድን ነው እያለኝ ነው።

ይመር፦ ምን ልትይው ነው? ጀሚ፣ ሚስቴ አራስ ናት። እሱን አልነገርኩሽም። ምን ልትይው ነው?

ጀማነሽ፦ ዝም በል፣ ልመልስለት።

ይመር፦ ... ረዘመ እኮ። ምንድን ነው የምታወሪው ሁሉ? እጅሽን ምን እያደረግሽ ነው የምታሳይው? ተነሱ! ጀሚ፣ ሁሉም ተነሱ።

ጀማነሽ፦ እየሄዱ ነው።

ይመር፦ ወደ እኛ?

ጀማነሽ፦ ወደ ሰፈር። ጀርባቸው አይታይህም? መንገዱን ሰጥተውሃል።

ይመር፦ ምን አልሽው?

ጀማነሽ፦ ወንድሜ ገና እንደተቀመጠ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ መጀመሪያ የነገረኝ የእናታችንን ሞት ነው አልኩት። መቃብሩ ውሃ ቋጥሮ እንዳስቸገረው፣ ጭቃውን በእጁ እንደዛቀ፣ አንዱንም ሳይደብቅ ነገረኝ አልኩት።

ይመር፦ አመነሽ?

ጀማነሽ፦ ለምን አያምነኝም? ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን ዋሽቼው አላውቅም። ‹‹እናቱን በእጁ የቀበረና ያልደበቀ ሰው ነው፣ ይለፍ›› አላቸው።

ይመር፦ አልሐምዱሊላህ። አላህ ዕድሜ ይስጥሽ እህቴ፤ ነፍሴን ነው የሰጠሽኝ። በይ እንግዲህ እኔም አላስቸግርሽ፣ እንዳልሽው ልሂድ። ልጅቷን ባቲ አመጣልሻለሁ። ለአረፋ ገበያ ... ምነው? ምን ሆንሽ? ለምን ታለቅሻለሽ፣ ሄዱ አላልሽኝም?

ጀማነሽ፦ ማታ ከሱ ጋር እሳት ዳር ተቀምጬ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ንገሪኝ ይለኛል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርግ፤ ዓይነ ስውር ሚስቱም እንድትሰማ።

ይመር፦ ታዲያ ቅድም እንዳልሽው ትነግሪዋለሻ። ምን ችግር አለው?

ጀማነሽ፦ አየህ፣ አንተ ችግሩ አይታይህም። እኔ ደግሞ ዳጉ ላይ ዋሽቼ የነሱን ፊት ማየት አልችልም። ለሰው አዝኖ እንዲህ የሚዋሸው ያንተ አገር ሰው ነው። በል እንግዲህ፣ ውሰደኝ።